ጡት እያጠባሽ የቱ ይሻልሻል? ሚኒ ፒል፣ መርፌ፣ የክንዱ ወይስ ሉፕ

ከወሊድ በኋላ ስለ እርግዝና መከላከያ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ወተቴን ያደርቅብኝ ይሆን?" የሚለው ነው። መልሱ ያለው መድኃኒቱ ውስጥ ባለው ሆርሞን ላይ ነው። ኢስትሮጅን ያለበት ወተት ሊቀንስ ይችላል። ፕሮጀስቲን ብቻ ያለበት ግን በጥቅሉ የወተቱን መጠንም ሆነ የልጁን እድገት ሲጎዳ አልታየም። ጥቂት ሆርሞን ወደ ወተቱ ያልፋል፤ መጠኑ ግን በጣም ትንሽ ነው።

ኢስትሮጅን ያለበትን አስቀድመን እንጨርሰው። ብዙ ሰው "ፒልስ" ሲል የሚታየው ሁለቱም ሆርሞኖች ያሉበት ጥምር እንክብል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለምታጠባ እናት በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ጨርሶ አይፈቅደውም፤ ከዚያም እስከ 6 ወር ድረስ ሌላ አማራጭ ካለ አትጠቀሚው ይላል። ነገሩ የወተት ብቻ አይደለም። አራስ ሴት ደም የመርጋት አደጋዋ ከፍ ያለ ነው፣ ኢስትሮጅን ደግሞ ያባብሰዋል። ከእርግዝናው በፊት የተረፈ ፓኬት መሳቢያ ውስጥ ካለሽ አንስተሽ አትጀምሪው።

የቀሩት አራቱ፣ ማለትም ሚኒ ፒል የሚባለው እንክብል፣ የ3 ወሩ መርፌ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውና ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ባለ ሆርሞን ሉፕ፣ ፕሮጀስቲን ብቻ ያለባቸው ናቸው። እኔ እነሱን የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ካልተስማማኝ በምን ያህል ፍጥነት ልገላገለው እችላለሁ?

በዚህ መለኪያ ሚኒ ፒልን የሚያህለው የለም። ዛሬ ካልተመቸሽ ነገ አትውጪውም፣ በቃ። ችግሩ ሰዓት ነው። ሌቮኖርጀስትሬል ወይም ኖርኢቲስቴሮን ያለባቸው የቆዩት ዓይነቶች ከለመድሽው ጊዜ ከ3 ሰዓት በላይ ከዘገየሽ እንዳልዋጥሽ ይቆጠራል። ዴሶጀስትሬል ያለበት ግን እስከ 12 ሰዓት ብትዘገዪም ይታገሳል። ሌሊት ሦስቴ እየተነሳች፣ ቀኑና ሌሊቱ ለተደበላለቀባት እናት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ፋርማሲ ስትሄጂ "ለምታጠባ የሚሆን ስጡኝ" ብለሽ ብቻ አትመለሺ፣ ማሸጊያው ላይ የትኛው ሆርሞን እንደተጻፈ አንብቢ። በእነዚህ ዓይነቶች ውስጥ ደግሞ ባዶ ፍሬ የለም። ሁሉም መድኃኒት ነው፣ አንዱ ማሸጊያ ባለቀ ማግስት ሌላው ይጀመራል። ጥምሩን የለመደች ሴት የመጨረሻዎቹን ፍሬዎች እንደ እረፍት ቆጥራ ስትዘላቸው ነው ጉድ የሚፈላው።

የ3 ወሩ መርፌ የዚህ ተቃራኒ ነው። ምቾቱን አልክድም። በየቀኑ ማስታወስ የለም፣ ቤት ውስጥ የሚደበቅ ነገር የለም፣ ማንም አያውቅብሽም። ግን አንዴ ከተወጋሽ ተወጋሽ ነው። ደም ቢበዛብሽም፣ ብትወፍሪም፣ ስሜትሽ ቢረበሽም እስኪያልቅ መጠበቅ ነው እንጂ ማውጫ የለውም። ካቆምሽው በኋላም ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይፈጃል። ልጆቼን አቀራርቤ ልውለድ ለምትል ይህ አይሆናትም። ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለምታጠባ እናት መርፌው 6 ሳምንት እስኪሞላ ቢቆይ ይሻላል ይላል፤ ሚኒ ፒሉና የክንዱ ግን ከወሊድ በኋላ ወዲያው ሊጀመሩ ይችላሉ።

ምረጪ ብባል የክንዱን ነው የምመርጠው። ማደንዘዣ ተወግቶ የክብሪት እንጨት የምታህል ለስላሳ ዘንግ ከላይኛው ክንድሽ በውስጥ በኩል ከቆዳሽ ሥር ትቀበራለች። በጣትሽ ስትዳስሺ ልታገኚያት ይገባል፤ ካጣሻት ለቀበረልሽ ባለሙያ ንገሪው። ኢምፕላኖን አንድ ዘንግ ነው፣ 3 ዓመት ያገለግላል፤ ጃዴል ሁለት ዘንግ ሆኖ 5 ዓመት። አስተማማኝነቱ ነው የሚገርመው። እንክብል ከሚወስዱ 100 ሴቶች፣ መርሳትና መዘግየቱ ተጨምሮበት፣ በዓመት 7 ያህሉ ያረግዛሉ፤ ከመርፌ ተጠቃሚዎች 4 ያህሉ። በክንዱ ግን ከ1,000 አንዷ ገደማ ናት። ሲወጣም የመውለድ አቅም ቶሎ ይመለሳል። አንድ ነገር ግን አለ፣ ራስሽ አታወጪውም። ከመቀበሩ በፊት "ማውጣቱስ እዚሁ ይቻላል?" ብለሽ ጠይቂ።

የክንዱ ጣጣ ደም ነው። ለሳምንታት ጠብ ጠብ ሊል ይችላል፣ ጭራሽ ሊጠፋም ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰጋ አይደለም፣ ግን ያሰለቻል። ቀድማ ያልተነገራት ሴት ደንግጣ ልታስወጣው ትሮጣለች።

ሆርሞን ያለው ሉፕ በዚህ ይሻላል፤ መጀመሪያ ላይ ቢያዘባርቅም ውሎ አድሮ ደሙን ይቀንሳል። ሆርሞኑም በአብዛኛው ማህፀን ውስጥ ስለሚቀር ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ከወለድሽ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ያ ካለፈ ደግሞ ከ4 ሳምንት በኋላ ይገባል። ወዲያው የገባ ሉፕ ተንሸራቶ የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል። በምታጠባ ሴት ላይ ሲገባ ማህፀን የመብሳት አደጋውም ከሌላው ጊዜ ከፍ ይላል፣ ብርቅ ቢሆንም። ስለዚህ እጁ የለመደ ባለሙያ ፈልጊ። ሆርሞን በጭራሽ አልፈልግም ካልሽ የኮፐሩ ሉፕ አለ፣ እሱ ግን ደም ያበዛል።

"እያጠባሁ ነው፣ ምን አስቸኮለኝ?" የምትል አትጠፋም። ልክ የሚሆነው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ብቻ ነው፦ ልጁ 6 ወር ካልሞላው፣ ቀንም ሌሊትም ከጡት ሌላ ካልተሰጠው፣ የወር አበባሽም ካልተመለሰ። አንዱ ከተጓደለ አይሠራም። የወር አበባ እስኪመጣ ልጠብቅ ማለትም አያዋጣም፣ እንቁላል ከእሱ ቀድሞ ሊለቀቅ ይችላል።

ለማንኛውም የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ስሙን ይዘሽ ሂጂ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ እንደ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ያሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም የሚኒ ፒሉንና የክንዱን ኃይል ያዳክማሉ። ለእንዲህ ያለችው ሴት ከላይ ያማሁት መርፌ ከእኔ ምርጫ ይበልጣል፣ ሉፑም እንዲሁ።