በሐይቅ ከተማ አቅራቢያ የሚገኝ የአንድ ጤና ኬላ የሕፃናት ክትትል

እኔ ደሴ ተቀጥሬ ስለምሠራ ልጄ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን የምታሳልፈው ሐይቅ አቅራቢያ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ከእናቴ ጋር ነው፤ የቀበሌውን ጤና ኬላ የምገመግመውም በዚህ የቤተሰብ ሁኔታ ውስጥ ሆኜ ነው። ክብደት መመዘንና የክንድ ዙሪያ መለካት በጥንቃቄ ይከናወናል፤ መለኪያው ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ሲያሳይ፣ ማለትም ቀዩ ላይ ሲያርፍ፣ ከፍተኛ የምግብ እጥረት መኖሩን እንደሚያመለክት ለእናቴ በሚገባት መንገድ አሳይተዋታል።

ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ድረስ መጥታ፣ ምክሩን ልጅቷን በየዕለቱ ለምትመግበው ለአያቷ መስጠቷን ነው። እናቴ ልጆቿን ያሳደገችበትን ልማድ ሳትነቅፍ፣ «እማማ፣ ገንፎውን ከማቅጠን ይልቅ ወፈር ያድርጉት፤ የሽምብራ ዱቄትና እንቁላልም ይጨምሩበት» ብላ በአክብሮት አስረዳቻት። እናቴ ከዚያ ወዲህ ልጅቷን ከመመገቧ በፊት እጇን በሳሙና መታጠብ አዘወተረች፤ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጄም ዛሬ ምግብ ሲቀርብ ማንም ሳያዛት እጇን ወደ ማስታጠቢያው ትዘረጋለች። ሕፃን የሚማረው ከሚነገረው ይልቅ ከሚያየው መሆኑን ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው።

ጉድለቱ ክትትሉ በሥራ ቀናት ብቻ መሰጠቱ ነው፤ እንደ እኔ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚመጣ ወላጅ ባለሙያዋን አያገኝም። ውሃ ከሩቅ የሚቀዱ ጎረቤቶቻችንም ስለ እጅ መታጠብ የሚሰጠው ምክር ያለ ውሃ እንደማይሠራ ደጋግመው ተናግረዋል፤ ቅሬታቸው ተገቢ ነው።