የአልበም ኪልት፦ ሁሉን ቆርጦ መጀመር ወይስ ካሬ በካሬ መጨረስ?

በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ የተሠሩት የአልበም ኪልቶች፣ ከቀለማማ ጨርቅ የተቆረጡ አበቦች፣ ቅርጫቶችና ወፎች በነጭ መደብ ላይ በእጅ ተሰፍተው ከተለጠፉባቸው የጨርቅ ካሬዎች የተገጣጠሙ የአልጋ ልብሶች ናቸው። ዛሬም ይህን ንድፍ የሚከተል ሰው፣ ብዙ ጊዜ 25 ካሬዎችን ለመጨረስ ዓመታት ስለሚፈጅበት፣ የሥራውን ቅደም ተከተል አስቀድሞ ቢወስን ይበጀዋል።

አንደኛው መንገድ የሁሉንም ካሬዎች ቅርጾች ቆርጦ በመደባቸው ላይ በላላ ስፌት ካያያዙ በኋላ መስፋት ነው። ቀለማቱ አንድ ላይ ስለሚመረጡ ይስማማሉ፤ የተዘጋጀ ሥራም ሁልጊዜ ከእጅ አይጠፋም። ነገር ግን የተቆረጠ ጠርዝ ሳይሰፋ ሲቆይ ይተረተራል፤ ለማጠፍ የሚተወው ትርፍ ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በተለይ በሾሉ የቅጠል ጫፎች ላይ ጉዳቱን ማቃናት ያስቸግራል።

ሁለተኛው አንዱን ካሬ ሳይጨርሱ ሌላውን አለመጀመር ነው። እኔ ይህኛውን አጥብቄ እመርጣለሁ፤ በየምሽቱ አንዲት ቅጠል ብቻ፣ ጠርዟን በመርፌ ጫፍ ወደ ውስጥ እያጠፈ በደቃቅ ስፌት የሚይዝ ሰው ሥራው ሲያድግ በዓይኑ ያያልና። ቀለሙ እንዳይዛነፍ ዋናዎቹን ቀይና አረንጓዴ ጨርቆች ለሁሉም ካሬዎች በሚበቃ መጠን ገዝቶ፣ አጥቦ ማስቀመጥ ይበቃል።