የወንድሜን ስም አጥርተው ለጠሩልኝ የክብር ቆንስላችን

ይህን ምስጋና ለመጻፍ አርባው እስኪወጣ ጠበቅሁ። ከዚያ በፊት እጄም አልታዘዘልኝም።

ታናሽ ወንድሜ በድንገት ያረፈው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በሌለበት የሰሜን አውሮፓ አገር ነው። ቅርቡ ኤምባሲያችን ስቶክሆልም ያለው ሲሆን በመካከላችን ባሕር አለ። እናቴ ከደሴ በስልክ ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጄን አምጪልኝ፣ ከአባቱ አጠገብ ልቅበረው።»

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን አምላክ ለማንም አያድርስ። የሞት ማስረጃው ሲጻፍ የአያታችን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተወሰደ። በእኔ መኖሪያ ፈቃድ ላይ ግን በዚያው ቦታ ያለው የአባታችን ስም ነው። ጸሐፊዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ «እህቱ መሆንሽን የሚያሳይ ነገር የለም» አለችኝ። አንድ ማኅፀን ያወጣን ልጆች በወረቀት ባዕድ ሆንን። ሦስት ቀን ተመላለስሁ፣ ሦስት ቀን አልቅሼ ተመለስሁ። በዚህ መካከል «እኔ አስጨርስልሻለሁ» ያለኝ የአገሬ ሰው የደመወዜን ግማሽ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። የወንድሟ አስከሬን ገና ሆስፒታል ያለባትን ሴት ገንዘብ ሰው እንዴት ይበላል? እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

«የክብር ቆንስሏን ለምን አትጠይቂም?» ያሉኝ የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው። በስምንት ዓመት ኑሮዬ እንዲህ ያለ ሰው እንዳለን አላውቅም ነበር። የክብር ቆንስል አብዛኛውን ጊዜ የዚያው አገር ነዋሪ የሆነ፣ በራሱ ሥራ የሚተዳደር፣ ደመወዝ ሳይከፈለው የወከለውን አገር ዜጎች የሚረዳ ሰው መሆኑን ኋላ ነው የተረዳሁት። እ.ኤ.አ. በ1963 የተፈረመው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት እንኳ ለክብር ቆንስሎች የራሳቸው ምዕራፍ ሰጥቷቸዋል። የእኛዋ ነጋዴ ናቸው፤ አማርኛ አይችሉም። ማታ ደወልሁላቸው፣ ጠዋት መኪናቸውን ይዘው በራችን ላይ ቆሙ።

በመንገድ ላይ ስለ ወረቀቱ ከመጠየቃቸው በፊት «የወንድምሽን ስም በትክክል እንድጠራው አስተምሪኝ» አሉኝ። በስሙ ውስጥ «ጸ» አለች። ሆስፒታሉ እስክንደርስ ያቺን አንዲት ፊደል እየደጋገሙ ተለማመዱ፣ ሲሳሳቱ አርማቸው ነበር። እኔ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ስሙን ጮክ ብዬ የጠራሁት ያን ጊዜ ነው።

ከጸሐፊዋ ፊት ተቀምጠው ባዶ ወረቀት ላይ ሦስት ስሞች ከላይ ወደ ታች ጻፉ። «ይህ እርሱ ነው፣ ይህ አባቱ፣ ይህ አያቱ። ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም የላቸውም፣ ከስማቸው ቀጥሎ አባታቸውን ነው የሚጠሩት። እርሷንም ተመልከቻት፣ አባቷ ይኸው ነው» ብለው የወንድሜን ሙሉ ስም ከነ«ጸ»ው አጥርተው አነበቡት። ጸሐፊዋ ዝም ብላ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ሦስት ቀን ያለቀስሁበት ጉዳይ ከግማሽ ሰዓት በታች አለቀ።

ከኤምባሲው ጋር ምን እንደተጻጻፉ፣ የትኛው ማኅተም ከየትኛው እንደሚቀድም እኔ አላውቅም። የማውቀው ወንድሜ በስድስተኛው ቀን ቦሌ መድረሱንና እናቴ ከአባቱ አጠገብ መቅበሯን ነው። ለድካማቸው ምን ልክፈል ብላቸው ተቆጡኝ።

ወገኖቼ፣ ኤምባሲ በሌለበት ከተማ የምትኖሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ክፉ ቀን እስኪመጣ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ለሚቀርባችሁ ኤምባሲ ደውላችሁ በአካባቢያችሁ የክብር ቆንስል መኖር አለመኖሩን፣ ካለም የትኛውን ጉዳይ እንዲያይ እንደተፈቀደለት ጠይቁ። ሥልጣናቸው ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የእኛዋ ለምሳሌ ፓስፖርት አይሰጡም፣ ይህንንም ሳይደብቁ ይናገራሉ። በየሰነዳችሁ ላይ ስማችሁ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መጻፉንም አረጋግጡ። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ ያልጻፍሁት ሳላስፈቅዳቸው መለጠፍ ስላልፈለግሁ ነው፤ በዚህ አገር ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው አገናኛችኋለሁ። በእውነት እላችኋለሁ፣ ሂዱ፣ አንኳኩ፣ አትፈሩ።

በአርባው ዕለት ራሳቸው ደውለው «እናትሽ እንዴት ናቸው?» አሉኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ ራሷ የለቀመችውን ቡና በሰው ላከችላቸው። ትናንት ደርሶኛል፣ ቅዳሜ ጀበናዬን ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ።