«ፍሎራይድ ያወጣል» ብለው ለሚሸጡላችሁ የውሃ ማጣሪያ ብር እንዳትከፍሉ

መቂ፣ ዝዋይ፣ አዳማ ዙሪያ ቤተሰብ ያላችሁ ሰዎች ይህን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ትናንት ነው የሆነው።

በበዓል ባዛር ላይ ነጭ ጋዎን ለብሰው ያለ መብራት የሚሠራ የውሃ ማጣሪያ የሚሸጡትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። አሠራራቸው ያው ነው። ሁለት ባልዲ ይደራርባሉ፣ የላይኛው ውስጥ ሴራሚክ አለ፣ የታችኛው መክፈቻ አለው። ከላይ ጥቁር ቡና ወይም ቀለም ይጨምራሉ፣ ከታች ጥርት ያለ ውሃ ይቀዳሉ። ቀጥሎ እስክሪብቶ የምትመስለውን መለኪያ ይነክሩና ቁጥሩን ያሳያሉ። በመጨረሻ ልጁ ራሱ ግጥም አድርጎ ይጠጣዋል። ሰው ያጨበጭባል።

እኔ በ6,500 ብር የገዛሁት ለእናቴ ነው። መቂ አጠገብ ነው የምትኖረው፣ የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባለው፣ ሲበዛ ጥርስ የሚያበላሽ ማዕድን እንደሚበዛበት እዚያ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ምስክሩ ጥርሳችን ነው። አሁን የወንድሜ ልጆች አብረዋት ነው የሚኖሩት፣ ትንሹ ገና 3 ዓመቱ ነው። ቋሚ ጥርስ የሚበላሸው ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነው። ቡናማ ሆኖ ከወጣ በኋላ ቢቦርሹት አይለቅም። ለብዙ ዓመት ሲጠጣ ደግሞ ወደ አጥንት ይሄዳል። ወገባቸው ደርቆ ጎንበስ ቀና ማለት ያቃታቸው ሽማግሌዎች እያየሁ ነው ያደግሁት።

ስለዚህ ባዛሩ ላይ ዋጋ እንኳ ሳልጠይቅ መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። «ፍሎራይድ ያወጣል ወይ?»

«ምን ነካሽ እህቴ! ባክቴሪያ በይው፣ ቫይረስ በይው፣ ፍሎራይድ በይው፣ አንድም አያልፍም።»

ለመቂ እንደሆነ ነገርኩት። «ለመቂና ለዝዋይማ በብዛት ነው የምንልከው» አለኝ። ካርቶኑ ላይም ከሚያስቀራቸው ነገሮች መካከል ፍሎራይድ ተጽፏል።

እናቴ ስታየው ደስታዋን አልቻለችውም። ከዚያ በፊት ለልጆቹ መጠጫ ከሌላ ቦታ በቦቴ የሚመጣ ውሃ በጀሪካን ትገዛ ነበር። ማጣሪያው ሲገባ ያንን ተወችው። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ብሩ አይደለም። እነዚህ ሰዎች በሸጡልኝ ዕቃ ምክንያት ሕፃናቱ ከደህናው ውሃ ወደ መጥፎው ተመለሱ።

እዚያው አካባቢ የሚሠራ አንድ የጤና ባለሙያ ማጣሪያውን አይቶ «ይሄ ለፍሎራይድ አይሆንም» ብሎ ነገራት። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ውሃ በሁለት ንጹሕ ጠርሙስ ቀድቼ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ አስመረመርኩ። ከማጣሪያው በፊት በሊትር 5.8 ሚሊ ግራም፣ ከማጣሪያው በኋላ 5.7። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.5 እንዳይበልጥ ነው የሚመክረው።

ውጤቱን፣ ደረሰኙንና ካርቶኑን ይዤ ሱቃቸው ሄድኩ። ያው ልጅ ነው የተቀበለኝ። ጋዎኑ የለም፣ በቲሸርት ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ወረቀቱን ሰጠሁት። ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ ፈገግ ብሎ እንዲህ አለኝ።

«እህቴ፣ ሴራሚክ እኮ ፍሎራይድ አያወጣም። ይሄ የታወቀ ነው።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። «ምን አልክ?»

«ፍሎራይድ ውሃው ውስጥ የሟሟ ነገር ነው፣ በሴራሚክ ያልፋል። ለሱ ሌላ ዓይነት ነው የሚያስፈልግሽ። እኛ እሱን አናመጣም።»

ረጋ ብሎ ነው የሚያስረዳኝ። እንደ አስተማሪ! ባያውቅ ኖሮ፣ ደንግጦ «እስቲ እንየው» ቢለኝ ኖሮ፣ ይሄን ያህል አልናደድም ነበር። ግን ያውቃል። ባዛሩ ላይ ዓይኔን እያየ «አንድም አያልፍም» ሲለኝም ያውቅ ነበር።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?»

«ባዛር ላይ ስንቱን ነው የማናግረው? ለማን ምን እንዳልኩ በምን አስታውሳለሁ?»

ካርቶኑን አዙሬ ፍሎራይድ የሚለውን በጣቴ አሳየሁት። «እሱን የጻፈው ፋብሪካው ነው፣ እኛ አስመጪ ነን» አለ።

ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች፣ አለቃው መሰለችኝ፣ ሻይዋን እንደያዘች «ማነው የሚጠጣው?» ብላ ጠየቀች። እናቴና የወንድሜ ልጆች መቂ እንደሚኖሩ ነገርኳት።

«እዚያ ያሉ ሰዎች እኮ ውሃውን ለምደውታል። ጥርሳቸውም እንደሆነ ድሮም ያው ነው» አለች።

ይህን ስትል ዓይኗ የእኔ ጥርስ ላይ ነበር። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። እኔ አፌን ዘጋሁ። ስናገር እንዲያዩት አልፈለግሁም። ልጅ ሆኜ ፎቶ ስነሳ ነበር እንደዚህ የማደርገው።

ብሬን መልሱ አልኳቸው። ደረሰኙ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሳዩኝ። ከዚያ ሴትዮዋ እንደ ትልቅ ውለታ «ካስፈለገሽ አዲስ ሴራሚክ በግማሽ ዋጋ እንሰጥሻለን» አለችኝ። ያንኑ ሴራሚክ! ፍሎራይድ አያወጣም ብለው አሁን የነገሩኝን!

እንግዲህ እንዳትሸወዱ። ሴራሚክ መጥፎ ዕቃ ነው እያልኩ አይደለም። ጥራት ያለውና ያልተሰነጠቀ ከሆነ ጭቃ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ አብዛኛውን ባክቴሪያም ያስቀራል። ቫይረስ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ በሱ ላይ እምነት አይጣልም፣ የተጣራውን ማፍላት ወይም የውሃ ማከሚያ ክሎሪን መጨመር ያስፈልጋል። ፍሎራይድ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። ጨው ውሃ ውስጥ ከሟሟ በኋላ በነጠላ ብታጠሉት ይቀራል? እሱም እንደዚያ ነው። ማፍላትም አያጠፋውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ውስጥ ይበዛል። ክሎሪንም አይነካውም።

የቡናው ትርኢት የሚያሳየው ቀለም እንደሚቀር ብቻ ነው። ያቺ እስክሪብቶ መሳይ መለኪያም ጀርም አትቆጥርም፣ ፍሎራይድንም ለይታ አታይም። የሟሟ ማዕድን በጥቅሉ ምን ያህል እንደሆነ ነው የምትገምተው። ደግሞ ባዛሩ አዲስ አበባ ነው። ከለገዳዲ ግድብ በሚመጣ የቧንቧ ውሃ ተለክቶ ለመቂ ጉድጓድ ማስረጃ አይሆንም።

ያለ መብራት ፍሎራይድ የሚቀንስ ነገር አለ። ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሠራ ከሰል አለ፣ አክቲቬትድ አሉሚና የሚባልም አለ። ሁለቱም ከጊዜ በኋላ ይሞላሉ፣ መቀየር ወይም መታደስ አለባቸው። ይህን የማይነግራችሁን ሻጭ እለፉት። ንጹሕ ቆርቆሮ ጣሪያና ሮቶ ላለው የዝናብ ውሃም ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል፣ ለጀርሙ ግን መታከም አለበት። ስትገዙ «ፍሎራይድ ያወጣል» የሚለውን ደረሰኙ ላይ በእጁ ጽፎ እንዲፈርምላችሁ ጠይቁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ የማስቀየር ወይም ብር የማስመለስ መብት ይሰጣል፤ ስለዚህ ምርመራውን አታዘግዩ። እኔ ቀኑ ቢያልፍብኝም ካርቶኑንና የላቦራቶሪ ውጤቱን ይዤ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። ሲሸጡ ዋሽተዋልና።

ከባዛር እንደዚህ ያለ ማጣሪያ ገዝታችሁ ወደ ስምጥ ሸለቆ የላካችሁ ካላችሁ ግን ቢሮውንም አዋጁንም ተዉትና አሁኑኑ ስልክ ደውሉ። ልጆቹ ከዚያ ባልዲ አይጠጡ። እንደ በፊቱ የቦቴውን ውሃ ይግዙላቸው።