በመጨረሻዎቹ ቀናት፦ የፅኑ ሕሙማን ክፍል ወይስ የማስታገሻ እንክብካቤ?
የፅኑ ሕሙማን ክፍል ሊድን የሚችልን ሰው ከሞት አፋፍ ይመልሳል፤ ሕክምና ሊያድነው ለማይችል ታካሚ ግን በጉሮሮው የሚገባው የመተንፈሻ ቱቦ ንግግሩን ይነጥቀዋል፣ ቤተሰቡም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በመጠየቂያ ሰዓት ብቻ ነው። የማስታገሻ እንክብካቤ በአንጻሩ ሕመሙን በሞርፊን፣ የከንፈሩን ድርቀት በእርጥብ ጥጥ እያስታገሰ፣ ልጆቹ እጁን ይዘው የልባቸውን እንዲያጫውቱት ዕድል ይሰጣል፤ ለቤተሰቡም የሚመጣውን ለውጥ፣ የአተነፋፈሱን መቆራረጥ ጭምር፣ አስቀድሞ ያስረዳል። ይህን መምረጥ ታካሚውን እንደ መተው የሚቆጥሩ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት፣ የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው ሕሙማን ከመደበኛው ሕክምና ጎን ለጎን ይህን እንክብካቤ ቀደም ብለው ሲያገኙ የኑሯቸው ጥራት እንደተሻሻለ፣ ዕድሜያቸውም በአማካይ ከ2 ወር በላይ እንደረዘመ አሳይቷል።