ውጭ አገር ለመሥራት ካሰባችሁ የትኛው የፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ ያዋጣል?

የፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከደረጃ ሰንጠረዥ ነው። አንደኛ የወጣው የቱ ነው? ሁለተኛስ? ተመርቆ አገሩ ለሚመለስ ሰው የትምህርት ቤቱ ስም ብዙ በር ይከፍታል። ከአገሩ ውጭ ሊሠራ ላሰበ ግን ስም ብቻውን የሥራ ፈቃድ አይሆንም። እኔ የማወዳድረው በሁለት ጥያቄ ነው። ከተመረቅሁ በኋላ በዚያ አገር ስንት ጊዜ መቆየት እችላለሁ? የውጭ ዜጋ የሚቀጥረውስ ማነው?

ሁለተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የፖሊሲ ትምህርት ቤቶች በአመዛኙ ለገዛ አገራቸው መንግሥት ሰው ያሠለጥናሉ። ስለዚህ "ተመራቂዎቻችን ሥራ ይዘዋል" የሚል ሪፖርት ስታዩ የመንግሥት ሥራውን ከውስጡ ቀንሱት። በአሜሪካ ለምሳሌ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከጥቂት ቦታዎች በቀር የሚቀጥሩት ዜጋ ነው። ለእናንተ የሚቀረው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ የምርምር ተቋም፣ የእርዳታ ድርጅትና አማካሪ ኩባንያ ነው። የውጭ ተማሪዎች ብቻ ተለይተው የት እንደገቡ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። ተለይቶ የተያዘ መረጃ የለንም ካሏችሁ፣ እሱንም ልብ በሉት።

ስሙ ያደናግራል

ኤምፒፒ (የፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ) ትንተና ላይ፣ ኤምፒኤ (የፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ማስተርስ) ደግሞ አስተዳደር ላይ ያተኩራል ይባላል። ወረቀት ላይ እንዲያ ነው። ፕሪንስተን የሚሰጠው የሁለት ዓመት ኤምፒኤ ግን ኢኮኖሚክስና ስታቲስቲክስ የበዛበት ነው። ሲንጋፖር ያለው የሊ ኩዋን ዪው ትምህርት ቤት ኤምፒኤ ደግሞ አንድ ዓመት የሚፈጅና የሥራ ልምድ ላካበቱ የተዘጋጀ ነው። ሃርቫርድ ኬኔዲ ውስጥ ራሱ በኤምፒኤ ስም የሚጠሩ በጣም የተለያዩ ፕሮግራሞች አሉ። በዓለም አቀፍ ልማት ላይ ያተኮረው ካልኩለስ ሳትማሩ አያስገባም፤ የሚድ ካሪየሩ ደግሞ ቢያንስ 7 ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል። ስለዚህ የዲግሪውን ስም ተዉትና የአንደኛ ዓመት የግዴታ ኮርሶችን ዝርዝር አንብቡ።

አሜሪካ፦ ሁለት ዓመት፣ ውድ፣ ግን ክረምት ያለው

የአሜሪካ ፕሮግራሞች ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ እምነት፣ በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለው የእረፍት ጊዜ ነው። ኢንተርንሺፕ የሚሠራው ያኔ ነው። ብዙ ተማሪዎችም የመጀመሪያ ሥራቸውን ያገኙት እዚያ ባወቋቸው ሰዎች በኩል ነው። ከተማውም ዋጋ አለው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት ጋር አንድ ከተማ ውስጥ ነው። ዋሽንግተን ያሉት ጆርጅታውንና ሳይስ የሚባለው የጆንስ ሆፕኪንስ ትምህርት ቤት ለዓለም ባንክና ለአይኤምኤፍ ቅርብ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ኢንተርንሺፕ ክፍያ የለውም። በሌላ ከተማ የሚማር ሰው ለእሱ ብሎ ኒውዮርክ ቤት መከራየት አለበት። እዚያው የሚማረው ግን ከቤቱ እየተመላለሰ ይሠራዋል።

ቪዛው ላይ ስንመጣ ነገሩ ወዲህ ነው። ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ የተማረ ሰው ከምረቃ በኋላ ኦፒቲ በሚባለው ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ 12 ወር መሥራት ይችላል። ዲግሪው በስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ዘርፍ ከተመዘገበ 24 ወር ይጨመርለትና 36 ይሆናል። ችግሩ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት የፖሊሲ ዲግሪዎች አንዱ ስቴም፣ ሌላው ስቴም ያልሆነ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። ከማመልከታችሁ በፊት ፕሮግራሙ በየትኛው ዘርፍ እንደተመዘገበ የሚያሳየውን ኮድ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኤችዋንቢ የሚባል የሥራ ቪዛ በዓመት 85,000 ቦታ ብቻ ያለውና በዕጣ የሚሰጥ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችና ለትርፍ ያልተቋቋሙ የምርምር ተቋማት ግን ከዚህ ኮታ ውጭ ናቸው። የዓለም ባንክና የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞችም የሚገቡት ጂ-4 በሚባል ሌላ ቪዛ ነው። ለፖሊሲ ተመራቂ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሰው ግን ብዙም አያነሳውም።

ክፍያው ኪስ ያራቁታል። በታወቁት የግል ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያው ብቻ በዓመት ከ60,000 ዶላር በላይ ይሄዳል። ፕሪንስተን ለየት ይላል፤ የማስተርስ ተማሪዎቹን ከሞላ ጎደል በሙሉ ወጪያቸውን ይሸፍንላቸዋል። ስለዚህም መግባቱ ከባድ ነው። ዕድላችሁ ጠባብ ቢመስላችሁም አመልክቱ።

ብሪታንያ፦ አንድ ዓመት፣ ሩጫ

የኦክስፎርዱ ብላቫትኒክ ትምህርት ቤት ኤምፒፒ አንድ ዓመት ነው። አንድ ዓመት መማር የአንድ ዓመት ደመወዝና የቤት ኪራይ ማትረፍ ነው። ግን ያ የመሃል እረፍት የለም። ሥራ ፍለጋው የሚጀመረው ገና ሻንጣ ሳይፈታ ነው። አራት አምስት ዓመት ሠርቶ፣ ሲቪው ሞልቶ፣ ዲግሪው ብቻ ለጎደለው ሰው ይህ ግሩም ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለመጣ ሰው ግን ዓመቱ ሳያስበው ያልቅበታል። እንደዚህ ላለው የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ የ21 ወር ኤምፒኤ ይሻለዋል።

ከምረቃ በኋላ ግራጁዌት ሩት የሚባለው ቪዛ 2 ዓመት ያቆያል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ የማስተርስ ተመራቂዎች ግን ወደ 18 ወር ያጥራል። አሁን የሚያመለክት ሰው ማስላት ያለበት በአዲሱ ቁጥር ነው።

ፓሪስ፣ በርሊን፣ ጄኔቭ

እነዚህ ሦስቱ ባይረሱ ደስ ይለኛል። የሳይንስ ፖ ዓለም አቀፍ ጉዳዮች ትምህርት ቤት ፓሪስ ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ነው፤ ሦስተኛው ሴሚስተር ለኢንተርንሺፕ ወይም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ለመማር ይውላል። በርሊን ያለው ሄርቲ የሚባል ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመ ነው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ጀርመን ከምረቃ በኋላ ለሥራ ፍለጋ 18 ወር ትሰጣለች። ስዊዘርላንድ የምትሰጠው 6 ወር ብቻ ነው። ሆኖም የጄኔቩ ግራጁዌት ኢንስቲትዩት ለተባበሩት መንግሥታት ቢሮዎችና ለዓለም ጤና ድርጅት ቅርብ ነው፤ እነዚህ ድርጅቶች ደግሞ ሠራተኞቻቸውን የሚያስገቡት በተለየ መንገድ ነው።

ቋንቋ ላይ ግን አትሞኙ። ክፍሉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የከተማው ሥራ በእንግሊዝኛ አይደለም። በርሊን ውስጥ ጀርመንኛ የማይችል የፖሊሲ ተመራቂ ምርጫው ይጠባል። ፈረንሳይኛ ከተማራችሁ ግን ሌላም ቦታ ይጠቅማችኋል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት የሥራ ቋንቋዎች እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ናቸውና።

ካናዳን በአጭሩ ልጥቀሳት። ቢያንስ 8 ወር የሚፈጅ ማስተርስ የጨረሰ ሰው፣ ሌላውን መስፈርት ካሟላ፣ የ3 ዓመት የሥራ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። ሞንትሪያል ያለው የማክጊል ኤምፒፒ አንድ ዓመት ገደማ ነው። ቆይታ ብቻ ከሆነ ጭንቀታችሁ፣ ከዚህ የተሻለ ስሌት እኔ አላየሁም።

የነፃ ትምህርቱን ውል አንብቡ

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስኮላርሺፕ ሲገኝ ደስታው ውሉን ያስረሳል። የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ፉልብራይት የሚያስገባው ጄ-1 በሚባል የልውውጥ ቪዛ ነው። ከዚያ በኋላ 2 ዓመት አገራችሁ ሳትኖሩ ኤችዋንቢም ግሪን ካርድም አታገኙም። በሦስተኛ አገር ያሳለፋችሁት ጊዜም አይቆጠርላችሁም። የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቺቭኒንግም ከማስተርሱ በኋላ ለ2 ዓመት ወደ አገራችሁ እንድትመለሱ ይጠይቃል፤ ያኔ ከላይ ያልኩት የግራጁዌት ሩት ስሌት ሁሉ ይፈርሳል። ውሎቹ ክፉ አይደሉም፤ ዓላማቸው ግልጽ ነው። ከእናንተ ዕቅድ ጋር ግን ላይገጥሙ ይችላሉ። የአውሮፓ ኅብረቱ ስኮላርሺፕ ኢራስመስ ሙንዱስ እንዲህ ያለ የመመለስ ግዴታ የለበትም፤ ሁለትና ከዚያ በላይ አገር ውስጥም ያስተምራል።

እኔ ብሆን፣ ልምዴ አነስተኛና ሒሳቤ ደህና ከሆነ፣ የስቴም ኮድ ያለውን የአሜሪካ ፕሮግራም ከጥሩ ስኮላርሺፕ ጋር እሞክራለሁ። ስኮላርሺፑ ካልመጣ በብድር ከመሄድ በርሊን ወይም ፓሪስ ይሻለኛል። ልምድ ካለኝ ብሪታንያ ወይም ካናዳ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትከፍሉ አረጋግጡ። የተባበሩት መንግሥታት የወጣት ባለሙያዎች ፈተና የሚጠይቀው የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነው። ዕድሜ ግን ከ32 መብለጥ የለበትም፤ የሚሳተፉት አገሮች ዝርዝርም በየዓመቱ ይለዋወጣል። አገራችሁ ዘንድሮ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ፣ ማስተርሱን ሳትጀምሩ ልትፈተኑ ትችላላችሁ።