ደጋግሞ የሚቀረቀር የአደን ጠመንጃ፦ ብራውኒንግ፣ ቤኔሊ ወይስ አሮጌው ሬሚንግተን?

ከፊል አውቶማቲክ የአደን ጠመንጃ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማይቀረቀረው የቱ ነው?» ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ የለም። በባሩዱ ጋዝ ግፊት ራሱ የሚያጎርስ ነገር ሲቆሽሽ መያዙ አይቀርም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሲቀረቀር በጽዳትና በአዲስ ሞላ የሚስተካከለው የቱ ነው? አንዴ ካለቀ የማይመለሰውስ?

ለመቀየር ከመቸኮልዎ በፊት

አሁን የያዙት ጠመንጃ ስላስቸገረዎት ከሆነ ሌላ መግዛት ያማረዎት፣ ቆይ ይበሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ካዝናው ነው (ካርታ የሚሉትም አሉ)። ሁለት ካዝና ካለዎት ቁጥር ይጻፉባቸውና እየቀያየሩ ይተኩሱ። ጥይቱ አፍንጫውን ደፍቶ የሚቆመው በአንዱ ብቻ ከሆነ ነገሩ ተገኘ። የካዝናው ከንፈር ተጣሟል፣ ወይም ሞላው ደክሟል። የሚቀየረው ካዝናው ብቻ ነው።

ቀለሁ አልወጣም ካለ ጠርዙን ይዩት። ጠርዙ ተቦጭቆ ከሆነ ጎታቹ ጥፍር የቻለውን አድርጓል። ቀለሁን ይዞ ያስቀረው ጥይቱ የሚጎርስበት የአፈሙዙ ጉሮሮ ነው፤ ዝጓል ወይም ጥቀርሻ ይዟል። የተለመደው የአፈሙዝ ብሩሽ እዚህ ብዙም አይረዳም። ጉሮሮው ከአፈሙዙ ስለሚሰፋ ብሩሹ ግድግዳውን ሳይፈትግ ያልፋል። ለጉሮሮ ተብሎ የተሠራ ወፈር ያለ ብሩሽ ይፈልጉ። ጠርዙ ደህና ሆኖ ቀለሁ ውስጥ ከቀረ ግን ጥፍሩን ይጠርጥሩ። ቀለሁ ወጥቶ መዝጊያው መሃል ላይ ቆንጥጦ ከያዘው፣ ወይም እግርዎ ሥር ጠብ ካለ፣ ጉልበት አንሷል። ጋዝ የሚያልፍበት ቀዳዳና በጋዙ ተገፍቶ መዝጊያውን የሚያንቀሳቅሰው ፒስተን ይጸዱ።

አንድ ነገር እኔ ራሴ ተሸውጄበታለሁ። አውሬው እንዳይሰማ ብዬ መዝጊያውን በእጄ ይዤ ቀስ አድርጌ መለስኩት። ምላጩን ስስብ «ቀጭ» ብቻ። ጥይቱ ከሸፈ ብዬ ጥይቱን ስራገም ሰነበትኩ። ለካ መዝጊያው እስከ መጨረሻው አልቆለፈም። እነዚህ ጠመንጃዎች መዝጊያቸው በሞላው ሙሉ ጉልበት እንዲመለስ ነው የተሠሩት። ስበው ይልቀቁት፤ ድምፁ ይሰማ።

ይህን ሁሉ ሲሞክሩ አፈሙዙ ሁሌም ወደማያሰጋ አቅጣጫ ይሁን። ለመፈታታት ከሆነ ካዝናው ይውጣ፣ ጉሮሮው ባዶ መሆኑ በዓይን ይታይ። ጥይት ከከሸፈ አፈሙዙን ሳያዞሩ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ። ተኩሱ ከወትሮው የደከመ ድምፅ ካሰማ ደግሞ፣ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ እንዳይሆን ሳያረጋግጡ ሌላ አይተኩሱ።

ሦስቱ ጎን ለጎን

ብራውኒንግ ባር በ1967 የወጣ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የነደፈው ብሩስ ብራውኒንግ ነው፤ የታዋቂው የጦር መሣሪያ ነዳፊ የጆን ብራውኒንግ የልጅ ልጅ። ተመሳሳይ ስም ያለው የጦር ሜዳ መሣሪያ ስላለ አይምታታብዎ። መዝጊያው እየዞረ በሰባት ጥርስ ይቆልፋል፤ ጋዙን የሚቀበለው ፒስተን ከአፈሙዙ ሥር ነው። የፊቱን እንጨት ፈትቶ ፒስተኑን ማጽዳት ከባድ አይደለም። ውስጡን መበታተን ግን የባለሙያ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ። የፊቱ እንጨት ወጥቶ ሳለ መዝጊያውን መሳብና መልቀቅ የለብዎትም፤ ግራና ቀኝ ያሉት ቀጫጭን ዘንጎች ሊጣመሙ ይችላሉ። ያኔ ማስቸገር ይጀምራል፣ ስሙም በከንቱ ይጠፋል።

ቤኔሊ አር1 የጣሊያን ነው፤ በ2003 መጣ። ጋዙን የሚወስደው ከጉሮሮው ብዙም ሳይርቅ፣ ገና ትኩስ ሳለ ነው። ፒስተኑም አጭር መንገድ ሄዶ መዝጊያውን ገፋ አድርጎ ይመለሳል። ስለዚህ ጥቀርሻው ወደ ውስጥ እምብዛም አይገባም። አፈታቱም ከሦስቱ ይቀላል። የፊቱ ክዳን ሲፈታ አፈሙዙ ወደፊት ይወጣል፣ ጉሮሮው ፊት ለፊት ይታያል። ጽዳት ለሚሰለቸው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክብደቱ ቀላል ስለሆነ ግን በትልልቅ ጥይት ትከሻን ይመታል።

ሬሚንግተን 742 ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገዢ የሚጎዳው እዚህ ነውና። ከ1960 እስከ 1980 ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ስለዚህ አሮጌው በየቦታው አለ፣ ዋጋውም ያጓጓል። ሲይዙት ደስ የሚል ጠመንጃ ነው። ችግሩ የመዝጊያው ትናንሽ ጥርሶች ሲመላለሱ የሚንሸራተቱበትን የአካሉን ሃዲድ እየመቱ መቆራረጣቸው ነው። መጀመሪያ ትንሽ ጭረት ይወጣል፣ ቀጥሎ ጥርስ የመሰለ ጉድጓድ፣ በመጨረሻ መዝጊያው መሃል ላይ ይቆማል። ይህን ጽዳት አይመልሰውም፣ አዲስ ሞላም አይመልሰውም። የተበላው ዋናው አካል ራሱ ነውና ጥገናው ከጠመንጃው ይበልጣል። በ1981 የተካው 7400 የመዝጊያው ጥርሶች ስለተለወጡ በዚህ በኩል ይሻላል። ጉሮሮው ካልጸዳ ቀለህ መያዙን ግን አልተወም።

ሦስቱም የማይወዱት አንድ ነገር አለ፤ ዘይት ማብዛት። በብርድ ወፍራም ዘይት ይረጋና መዝጊያው ይጎተታል። በሙቀት ደግሞ ጥቀርሻ ይሰበስባል። የተተኮሰ ቀለህ ራሳቸው እንደገና እየሞሉ ለሚተኩሱም አንድ ማሳሰቢያ፦ ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ በጋዙ ቀዳዳ ላይ ግፊት ያበዛና መዝጊያውን ይደበድበዋል። ቀለሁ ወደ ልኩ በደንብ ካልተመለሰም መዝጊያው አይዘጋም።

የእኔ ምርጫ

አዲስ ከሆነ፣ በጭቃና በዝናብ ለሚያድንና ራሱ ለሚያጸዳ ሰው ቤኔሊ። ለትላልቅ ጥይትና ለረጋ ተኩስ ብራውኒንግ፤ ከበድ ማለቱ እዚያ ጥቅም ነው። ከሚመጣው ሁሉ ጽዳትን አብልጦ የሚጠላ ሰው በእጅ የሚሳብ መዝጊያ ያለው ይግዛ፤ ሁለተኛው ጥይት ትንሽ ይዘገያል እንጂ ጋዝ የሚባል ጣጣ የለበትም።

አሮጌ ዊንቸስተር 100 ካጋጠመዎት መጀመሪያ የመቺውን መርፌ ነገር ይጠይቁ። ከ1961 እስከ 1973 የተሠራ ነው። መርፌው ሊሰበርና መዝጊያው ሳይቆልፍ ሊያስተኩስ ስለሚችል በ1990 ለጥገና እንዲመለስ ተጠርቷል። መርፌው መቀየሩ ካልተረጋገጠ ጥይት እንዳያጎርሱበት።

742ን ለመግዛት ልብዎ ከተነሳ ባትሪ ይዘው ይሂዱ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አይተው መዝጊያውን ወደ ኋላ ያቁሙት። ሃዲዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያብሩበት፤ በጣት ጥፍርዎም ዳሰስ ያድርጉት። ጥፍርዎ ከያዘው ይመልሱለት። ለስላሳ ከሆነ በሁለት ካዝና፣ በፋብሪካ ጥይት፣ ቢያንስ 20 ጊዜ ይተኩሱና እያንዳንዱን ቀለህ እየለቀሙ ጠርዙን ይዩ።